«ያንቺ እውነተኛው ነው» ያልኩ ዕለት

ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፣

አካም ጅርቱ? እንደምን አላችሁ? እባካችሁ ቁጭ በሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ሆስፒታል ቆሜ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ለእኔ ሲቆም አላውቅበትም።

ይህን ምሳ ላሰናዳችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ በዚህ የሐምሌ ዝናብ ጫማችሁን አበላሽታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ገለቶማ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተረኛ ሆነው ዋርድ ለቀሩትም ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ከሥጋውም አስቀምጡላቸው። እኔ ተረኛ በሆንኩባቸው ግብዣዎች ሁሉ የተረፈልኝ አጥንት ብቻ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ዓመተ ምሕረቱን ጠቅሼ ልናገር እችላለሁ።

ጋቢው በጣም ያምራል። ለጡረተኛ ጋቢ መስጠት «በይ እንግዲህ ሂጂና ተኚ» ማለት መሆኑም ገብቶኛል።

አቶ በኃይሉም ስለተናገረልኝ አመሰግናለሁ። በኃይሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒት ቤታችንን ይዞ የኖረ፣ አንድ ክኒን ቆጠራ ላይ ቢጎድልበት ምሳ የማይወርድለት ሰው ነው። ቅድም ምን አለ? «ሲስተር አዜብ ለበሽተኛ አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም» አለ። አጨበጨባችሁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በትሕትና የደፋሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ አይደለም።

በኃይሉ ወንድሜ፣ ዋሽቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ከሰኔ ወዲህ ኮሪደር ላይ እያስቆማችሁ «ኮንትራቱን ለምን እምቢ አልሽ?» ስትሉኝ ሰንብታችኋል። ለማታውቁት ልናገር። በመጪው መስከረም በሆስፒታላችን አዲስ የጡት ካንሰር መድኃኒት ጥናት ይጀመራል። ዶክተር ሞሲሳ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በኮንትራት እንድቀጥል ጠይቆኝ ነበር። እዚህ ሲመጣ ጺም ያላበቀለ ልጅ ስለነበረ ነው «አንተ» የምለው፤ እንግዶች ይቅርታ አድርጉልኝ። ሥራዬ ሴቶቹን ማነጋገር፣ ጥናቱን ማስረዳት፣ ማስፈረም ነበር የሚሆነው።

«ሲስተር፣ ሴቶቹ እኮ የሚያምኑት አንቺን ነው» አለኝ።

እምቢ ያልኩት ለዚሁ ነው። ምክንያቱን ግን ለእሱም ቶሎ አልነገርኩትም።

አዳዲሶቻችሁ የፊተኛውን ጥናት ስለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ከ2011 ዓ.ም. በፊት ወደኛ የሚመጡ ሴቶች እንዴት ይመጡ ነበር? ጡታቸው ቆስሎ፣ በቅጠልና በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሽታው ከእነሱ ቀድሞ በር ላይ እየደረሰ። ቀድሞ የደረሰችውን ዶክተር ሞሲሳ ቀዶ ያወጣላታል። ከዚያ በኋላ በሽታው እንዳይመለስባት ብዙዎቹ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ፣ ለአምስት ዓመት መዋጥ አለባቸው። ክኒኑ ግን አንዱን ወር ይገኛል፣ ሌላውን ወር ይጠፋል። በኃይሉ ባዶ መደርደሪያ እያሳየ ሴት ሲመልስ ስንት ቀን አይቻለሁ።

ጥናቱ ሲመጣ ታሞክሲፈኑ ሳይቋረጥ መጣልን። ጥናቱ ውስጥ የገባች ሴት ሁሉ እሱን ትወስዳለች። በዚያ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ትጨመርላታለች። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለግማሾቹ ሴቶች ነጯ ክኒን ገና በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት ናት። ለግማሾቹ ደግሞ መልኳም ጣዕሟም አንድ የሆነ፣ ውስጧ ምንም የሌለ ባዶ ክኒን ናት። ማን ምን እንደደረሳት በዕጣ የለየው ኮምፒውተር ነው። እኔ አላውቅም፣ ዶክተር ሞሲሳ አያውቅም፣ በኃይሉ አያውቅም። ቁልፉ አዲስ አበባ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ባዶውን ለምን አስፈለገ? በሽተኛ ተስፋ ሲሰጠው የተሻለው ይመስለዋል። ሐኪምም ተስፋ ሲያደርግ በሽተኛው የተሻለው ይመስለዋል። መድኃኒቱ በራሱ ጉልበት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የሁላችንም ዓይን መታሰር ነበረበት።

ታዲያ የእኔ ሥራ የታሰረውን ዓይን አስሮ መጠበቅ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። ሌላም የምወደው ነገር ነበረኝ፤ ቁጥር። በአገሩ ጥናቱን ከሚያካሂዱት ሆስፒታሎች ሁሉ የእኛ ሴቶች ነበሩ ቀጠሮ የማያጓድሉት። አዲስ አበባ ስብሰባ ስንሄድ «የነቀምቴ ሴቶች አይጠፉም» ይሉን ነበር። የየወሩን ቁጥር ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የልጅ ውጤት እንደሚያይ ወላጅ።

ኅዳር 2012 ላይ ከኪራሙ አንዲት ሴት መጣች። የሺወርቅ ትባላለች። የበሽተኛ ስም በአደባባይ እንደማይጠራ አስተምሬያችኋለሁ፤ ዛሬ የምጠራው ራሷ ጥሪው ስላለችኝ ነው። ያኔ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፣ የአራት ልጆች እናት። አባቷ ከወሎ መጥቶ ኪራሙ የሰፈረ ገበሬ ነው። እብጠቱን ያወቀችው በቆሎ የሞላ ጆንያ ስትሸከም ደረቷ ላይ ሲጎረብጣት ነው። ባሏ እሸቱ በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ አድርሶ፣ ከዚያ በመኪና ነቀምቴ አመጣት። ዶክተር ሞሲሳ ግራ ጡቷን አወጣው። ቁስሉ ሲደርቅ ወደ እኔ ክፍል ላካት።

የስምምነቱ ወረቀት አሥራ አንድ ገጽ ነው። አንድም ሳልዘል አነበብኩላቸው። ዕጣ የሚለው ጋ ስደርስ የሺወርቅ አስቆመችኝ።

«መሬት ሲከፋፈል እንደሚጣለው ዕጣ?»

«እንደሱ።»

«ባዶው የሚወጣባት ሴት ምን ትሆናለች?»

«ታሞክሲፈኑን ሁላችሁም ትወስዳላችሁ። ባዶ የሚሆነው ጭማሪው ነው።»

እሸቱን አየችው። እሸቱ ዝምተኛ ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሰማው። ቀና ብሎ «ሲስተር፣ አንቱ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?» አለኝ።

«እፈርም ነበር» አልኩ።

ይህ ውሸት አልነበረም። ዛሬም ብሆን እፈርማለሁ።

ውሸቱ የመጣው ከስድስት ወር በኋላ፣ ግንቦት ላይ ነው። ኮሮና የገባበት ጊዜ ነበር፤ መኪናው የሚጭነው ግማሽ ሰው ነው። የሺወርቅ ከኪራሙ ደርሳ ለመመለስ አራት ቀን ይፈጅባት ነበር። ደክሟት ገባችና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ «ሲስተር፣ ይብቃኝ» አለችኝ። «ታሞክሲፈኑን አቅራቢያችን ካለ ጤና ጣቢያ እጠይቃለሁ። ጭማሪው እንደሆነ ባዶ ይሆናል። ለባዶ ነገር ልጆቼን በትኜ ልመላለስ?»

ምን ማለት ነበረብኝ? ወረቀቱ ገጽ ዘጠኝ ላይ ይናገራል፤ እኔው ነኝ ያነበብኩላት። «ምን እንደደረሰሽ አላውቅም። መውጣት መብትሽ ነው። ብትወጪም ሕክምናሽ አይቋረጥም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ግን «ምን የሚሰማሽ ሕመም አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጠዋት ጠዋት ጉልበቴንና ጣቶቼን ይቆረጥመኛል።»

አዲሱ መድኃኒት መገጣጠሚያ እንደሚያሳምም አውቃለሁ። ታሞክሲፈኑም እንደሚያሳምም፣ የበቆሎ ጆንያም እንደሚያሳምም አውቃለሁ። በዚያ ወር ሁለት ሴቶች ከጥናቱ ወጥተውብኝ ነበር። ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ እጇን ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦

«የሺወርቅ፣ ስሚኝ። ያንቺ እውነተኛው ነው። ብዙ ሴት አይቻለሁ፤ አውቃለሁ።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ተቀመጠች። ውሃ ጠየቀች። ክኒኖቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ «እንግዲያማ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ለእሷ ብለሽ ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ጤና ጣቢያው ታሞክሲፈን እንደሌለው አውቅ ነበር፤ ከጥናቱ ከወጣች እሱንም እንዳታጣ ፈራሁ። ሌላው ግማሽ ግድግዳዬ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የትኛው ግማሽ አፌን እንደከፈተው ለራሴም አጣርቼ መናገር አልቻልኩም። አምስት ዓመት ሞክሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ በአገሩ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ተኩስ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩ ጠፋ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያለቅስለት ሰው የሌለው ያለ አይመስለኝም፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢያለቅስ። ስለ እሱ ዛሬ ብዙ አልናገርም።

በ2014 የሺወርቅ ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ ቀረባት። ቅጹ ላይ «ከክትትል የጠፋች» የሚል ሳጥን አለ። ሲስተር ሊሊሴ ያኔ አዲስ ተመድባ ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ ነበረች። እስክሪብቶዋን ይዛ «ሲስተር፣ ልሙላው?» አለችኝ። «ቆዪ» አልኳት። በኃይሉም የየሺወርቅን ክኒኖች ለብቻ አስቀመጠልኝ።

የካቲት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ሁለት ሴቶች በሬ ላይ ቆሙ። አንደኛዋን አላውቃትም። ሁለተኛዋን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ከስታለች፤ የሰው ሹራብ ለብሳለች፤ ሁለቱም እግሮቿ በጨርቅ ተጠምጥመዋል።

«ሲስተር፣ መድኃኒቴ አለ?» አለች።

ከሁሉ በፊት የተናገረችው ይህን ነው። እንደምን አደራችሁም የለ።

እግሯን እያጠብኩላት ነገረችኝ። ክኒኑ እንዳያልቅባት መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለለች ወሰደችው። ቀጥሎ ግማሽ ግማሽ እየሰበረች። በመጨረሻ አለቀ። ሁለት ወር ጠበቁ፤ መንገዱ አልተከፈተም። ልጆቹን እህቷ ዘንድ ትተው፣ እሷና እሸቱ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በእግር ተነሡ፤ መኪና መንገዱን ትተው በጫካው በኩል። በሁለተኛው ቀን ወንዙን ሊሻገሩ ሲሉ ተተኮሰባቸው። እሷ ሣሩ ውስጥ ተኛች። ጸጥ ሲል እሸቱን ጠራችው። ደጋግማ ጠራችው። ማን እንደተኮሰ ዛሬም አታውቅም። አልቀበረችውም።

ሌሎቹ ስለተበተኑ ሁለት ቀን ብቻዋን ሄደች። በሦስተኛው ቀን እንጨት ስትለቅም ያገኘቻት አብራት የመጣችው ሴት ነበረች። ሌንሳ ትባላለች፤ ከአንገር ወንዝ ወዲህ ያለች ገበሬ ናት። ወስዳ ቤቷ አስተኛቻት። አጠበቻት፤ ሹራቧን አለበሰቻት። ጎረቤት ሲጠይቅ «እህቴ ናት፣ ታማለች» አለች። ዘጠኝ ቀን። መንገዱ ትንሽ ሲከፈት እጇን ይዛ፣ በየፍተሻው ሲጠየቁ እሷው መልስ እየሰጠች፣ እዚህ ድረስ አመጣቻት።

«እኔስ ልቀር ነበር» አለችኝ የሺወርቅ። «ልጆቼን ጥዬ አልሄድም ብዬው ነበር። እሸቱ ነው እንሂድ ያለኝ። ‹ሲስተሯ ያንቺ እውነተኛው ነው ብላሻለች። እውነተኛ መድኃኒት ተገኝቶ እንዴት ይቋረጣል› አለኝ።»

እኔ ምን መለስኩ?

የደም ግፊቷን ለካሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የለመደ እጅ ለዚህ ይጠቅማል፤ አፍ ሲዘጋ እጅ ይሠራል። ቅጹ ላይ «ቀጠሮ ያለፈበት ምክንያት» ለሚለው የተተወው ቦታ አንድ መስመር ነው። «የጸጥታ ችግር» ብዬ ጻፍኩ።

እግሯን አስሬ ስጨርስ አዴ ሌንሳ እስከዚያ ከቆመችበት ግድግዳ ወደ እኔ ተጠጋችና በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳጥባት ደረቷን አየሁ። የእሷ ሲጀምራት እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት እንደነበረ ነገርኳት። እጄን ይዛ በሹራቧ ስር ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ባቄላ የምታህል ጓል ነበረች፤ ጠንካራ፣ የማትላወስ።

ዶክተር ሞሲሳ በዚያው ሳምንት አወጣላት። በጊዜ ስለተደረሰበት ዛሬ ደህና ናት። በየስድስት ወሩ ትመጣለች፤ እርጎም ይዛ ትመጣለች፤ ሊሊሴ ሁሉን ብቻዋን ትጠጣዋለች እንጂ።

ይህን ስላችሁ ፊታችሁ ፈካ። አያለሁ። ዶክተር ሞሲሳም ሊያጽናናኝ ሲፈልግ «ያ ጉዞ እኮ ሌንሳን አተረፈ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ሌንሳ ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሸቱ ግን ሌንሳን ላድን ብሎ ከቤቱ አልወጣም። በተረፈችው ሴት የቀረውን ሰው እንድሸፍነው አትንገሩኝ።

የሺወርቅ ወደ ኪራሙ አልተመለሰችም። ልጆቿን እህቷ ከብዙ ወራት በኋላ አወጣችላት። ዛሬ አኖ ከተማ፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። በየሦስት ወሩ ለክትትል ትመጣ ነበር። አንድም አላጓደለችም። ቁጥራችን እንደገና አማረ። እኔም በመጣች ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ክብደቷን እለካለሁ፣ ክኒኗን እቆጥራለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣታለሁ፣ ትሄዳለች።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ቁልፉ ተከፈተ። ዶክተር ሞሲሳ፣ በኃይሉ፣ ሊሊሴና እኔ አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ነበር። ሁለት ነገር አየን።

አንደኛው፣ አዲሱ መድኃኒት ከባዶው ክኒን የተሻለ ነገር አላደረገም። ይህን ሰምታችሁ ልፋቱ ከንቱ ቀረ እንዳትሉ። የማይጠቅም መሆኑን የሚያውቅ ስላልነበረ ነው የተጠናው። ከእንግዲህ በየትም አገር ያለች ሴት ለማይጠቅማት ክኒን ጣቷ አይቆረጠምም፤ ይህን ያደረጉት የእኛ ሴቶች ናቸው። የምንመካበት ታሞክሲፈን ራሱ በጊዜው ሲጠና ባዶ ክኒን የደረሳቸው ሴቶች ባይኖሩ መሥራቱን በምን እናውቅ ነበር?

ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው። የየሺወርቅን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። በጣቴ ወረድኩ። አገኘሁት።

ባዶ ይላል።

ዶክተር ሞሲሳን ለብቻው ጠርቼ ያን ጊዜ ነገርኩት። «ለታሞክሲፈኑም ቢሆን መምጣት ነበረባት» አለኝ። ይህም እውነት ነው። ግን እሸቱን ከቤቱ ያስነሣው ታሞክሲፈን አይደለም። የእኔ ቃል ነው።

ውጤቱ ለሴቶቹ ሁሉ በደብዳቤ ይነገራቸዋል ተባለ። የእሷን እኔ አደርሳለሁ አልኩ። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ አኖ ወረድኩ። ሽንኩርት እየለቀመች አገኘኋት፤ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። ድንጋይ አቀረበችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጥ ለቀመች።

«ባዶ ነበር?» አለች ስጨርስ።

«ጭማሪው ባዶ ነበር። ታሞክሲፈኑ እውነተኛ ነው፤ የጠበቀሽ እሱ ነው።»

አንድ ሰው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ጠየቃት። መዘነች፣ ሰጠችው፣ ሄደ።

«ያኔ እውነተኛው ነው ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አለማወቅዎንስ ያውቁ ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

እጇ ያን ጊዜ ነው የቆመው። «አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ» አለች፣ «ከእሸቱ ጋር ቁጭ ብለን እንመክር ነበር። ምናልባት እንመጣ ነበር። ምናልባት አንመጣም ነበር። የእኛ ምክር ይሆን ነበር።»

«የሺወርቅ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ሲስተር፣ ይቅር ለማለት ልቤ ውስጥ ፈለግሁ፤ አሁን የለም። አለ ብዬ ልዋሽዎ አልወድም።»

ወደ ሽንኩርቷ ተመልሳ፣ «ክትትሌን አላቋርጥም፣ ልጆች አሉኝ። ለሊሊሴ ያዛውሩልኝ» አለች። ልነሣ ስል ደግሞ «አብረውዎ ለሚሠሩት ይንገሯቸው። ስሜን አይደብቁ። የእሱንም ስም» አለችኝ። ጃንጥላዬን አንሥታ አቀበለችኝ። ተለያየን። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሊሊሴ ታያታለች፤ ደህና ናት ትለኛለች።

ክቡራትና ክቡራን፣ ኮንትራቱን ያልፈረምኩት ለዚህ ነው። ደክሟት ነው ያላችሁ፣ ተቀይማ ነው ያላችሁ፣ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው ያላችሁ ተሳስታችኋል። «አንቺን ያምኑሻል» ሲባል አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁሉንም ጽፌ አስገብቻለሁ። የሚወስነውን እቀበላለሁ። ዶክተር ሞሲሳ «ለኮሚቴው ከጻፍሽ ይበቃል፤ በስንብትሽ ቀን ምን አስነሣሽ?» ብሎኛል። ዶክተር፣ አትቀየመኝ። ኮሚቴው ከሴቶቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አደራ ደግሞ አለብኝ።

ሊሊሴ፣ ልጄ፣ አታልቅሺ። መስከረም ላይ እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። አንዲት ሴት ከሩቅ መጥታ፣ ደክሟት፣ ዓይን ዓይንሽን እያየች «የደረሰኝ የትኛው ነው?» ትልሻለች። አንቺም ትወጂያታለሽ፤ እንዳትጠፋ ትፈልጊያለሽ። ልታረጋጊያት ልብሽ ይቸኩላል። ያን ጊዜ «አላውቅም» በያት። ብትከፋም በያት። ብትሄድም በያት። ከዚያ በኋላ ከጎኗ ቁጭ በይ፤ ሻይ አጠጫት፤ የምታውቂውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ የምታደርገውን እሷ ትቁረጥ። ብትመጣም ባትመጣም ውሳኔዋን ተሸክማ የምትሄደው እሷ ናት፤ የሰው ግምት አታሸክሚያት።

እናንተም አለቆች፣ ቁጥር ስትጠይቋት ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ጥናቱን ግን አትፍሩት። ለሴቶቹ ያለ ጥናት መድኃኒት አይመጣላቸውም። እኔ የሳትኩት በጥናቱ አይደለም፤ ጥናቱ እንድል ያዘዘኝን ሦስት ዓረፍተ ነገር ባለማለቴ ነው።

ብዙ አወራሁ። ምግቡም ቀዘቀዘ። ደስ የሚል ንግግር ይዛ ትመጣለች ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ በእናንተ መካከል ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ። ስታመም አክማችሁኛል፣ እናቴን ስቀብር ከቤቴ ሳምንት አልወጣችሁም፣ ስቆጣ ችላችሁኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት የበደልኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ፤ ይቅር ለማለት ጊዜ የሚፈልግም ጊዜውን ይውሰድ፤ አልቀየምም።

አሁን ልመርቃችሁ። ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

የያዛችሁት በሽተኛ ይዳንላችሁ። መዳን ያልቻለውም እጃችሁ ላይ ክብሩ አይጉደል። መደርደሪያችሁ ባዶ አይዋል። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የጸለያችሁት፣ በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ በጸሎት ቤትም ቢሆን፣ በመስጊድም ቢሆን ይስመርላችሁ። መንገዱ ይከፈት፤ ተከፍቶም ይቆይ። ቀጠሮ የሰጣችኋት ሴት ከቤቷ በሰላም ወጥታ በሰላም ትድረስ።

ሊሸኛት አብሯት የወጣውም አብሯት ይመለስ።

ሆራ ቡላ፤ ለምልማችሁ ኑሩ።